ሁለት ሊንክ አጣምረን ለምን ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም?

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም ከደሴ ነኝ፣ ብቻዬን ስለሆንኩ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ልጅ ደውሎ "ሰርቨሩ ላይ ባለ አንድ ጊጋ ሁለት ሊንክ (የኔትወርክ መስመር) አጣምሬ ባክአፑ ከ940 ሜጋቢት አያልፍም፣ ሁለተኛው ሊንክ እኮ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው" አለኝ። አብሽር፣ ምንም አልተበላሸም አልኩት። ይሄ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ስንት ሰው እጥፍ ፍጥነት አገኛለሁ ብሎ ነው ብሩን የሚያወጣው።

በተለመደው አሠራር ሰርቨሩም ሆነ ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ማከፋፈያ ዕቃ) ፓኬቶቹን፣ ማለትም ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸውን ቁርጥራጮች፣ አንድ እዚህ አንድ እዚያ እያለ አያድልም። ቢያድል ኋላ የተላከው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፣ ቲሲፒ (ዳታው ሳይጎድል በተራው መድረሱን የሚቆጣጠረው ፕሮቶኮል) ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ፓኬት የጠፋ ይመስለውና ድጋሚ ይልካል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሊንክ ማጣመሪያ ስታንዳርድ 802.3ኤዲ፣ በ2008 ወደ 802.1ኤኤክስ የተዛወረው ማለት ነው፣ የአንድ ኮኔክሽን ፍሬሞች (ፓኬቶቹ ተጠቅልለው የሚላኩባቸው) ተራቸው እንዳይፋለስ ይላል። መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪ አንድን ቤተሰብ አንድ መኪና ላይ እንደሚያሳፍረው በሉት፣ ሌላው መኪና ባዶ ቢሆንም ቤተሰቡን አይበትነውም።

ታዲያ የትኛው ፓኬት በየትኛው ሊንክ እንደሚሄድ በምን ይወሰናል? በሃሽ ነው። ዕቃው ከሄደሩ (ከፓኬቱ ፊት አድራሻው ከተጻፈበት ክፍል) ላይ ማክ አድሬስ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ወይ አይፒ ወይ የቲሲፒ ፖርት ቁጥር ይወስድና አስልቶ ለሊንኮቹ ብዛት ያካፍለዋል፣ ቀሪው ሊንኩን ይመርጣል። ቀላሉን የኤክስኦር ስሌት (ሁለት ቁጥር ቢት በቢት አወዳድሮ ሲመሳሰሉ 0፣ ሲለያዩ 1 የሚሰጠውን) እንይ፣ ሁለት ሊንክ አለን፣ ሰርቨሩ አይፒው በ10 ያልቃል፣ ደንበኞቹ በ22፣ በ24፣ በ36 ያልቃሉ እንበል። ሁሉም ለሁለት እኩል የሚካፈሉ ተጋማሽ ቁጥሮች ስለሆኑ የመጨረሻዋ ቢት ሁሌ ዜሮ ትወጣለች፣ በቃ ሁሉም አንድ ሊንክ ላይ ይታጨቃሉ፣ አንዱ በ23 የሚያልቅ ቢመጣ ነው ሁለተኛው ሊንክ ሥራ የሚያገኘው። አንዳንድ የቆዩ የሲስኮ ስዊቾች ደግሞ ውጤቱን 8 ቦታ ስለሚከፍሉት ሦስት ሊንክ ስታጣምሩ ክፍፍሉ 3፣ 3፣ 2 ይሆናል፣ እኩል አይመጣም።

የልጁ ሰርቨር ሊኑክስ ነው፣ እዛ ላይ የቦንዲንግ (የሊንክ ማጣመሪያው) የሃሽ ዲፎልት ሌየር 2 ነው፣ የሚያየው ማክ አድሬስ ነው። ባክአፑ የሚሄደው በራውተር አልፎ ስለሆነ መድረሻው ማክ ሁሌ የራውተሩ ነው፣ ስንት ኮኔክሽን ቢከፍት ሃሹ አንድ ዓይነት ይወጣል! ሌየር 3+4 (አይፒና ፖርት የሚያየውን) አድርገውና ባክአፑን በብዙ ኮኔክሽን ክፈለው አልኩት፣ ያኔ የፖርት ቁጥሮቹ ስለሚለያዩ የመበተን ዕድል አለው፣ እሱም ዕድል ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፣ በዚህ በሃሽ አሠራር አንድ ነጠላ ኮኔክሽን ግን ከአንድ ሊንክ አይበልጥም፣ እሱን ከፈለጋችሁ 10 ጊጋ ግዙ።

ደግሞ ሰርቨሩ የሚወስነው የሚልከውን ብቻ ነው፣ ወደሱ የሚመጣውን የሚመርጠው ስዊቹ በራሱ ሃሽ ነው፣ ስለዚህ ዳውንሎዱ አንድ ሊንክ ላይ ከተጨናነቀ ሰርቨሩን ተዉትና ስዊቹ ላይ ግቡ።