ማን ነው ድንጋይ የሞላባት?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጀርባዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ላይ ነው የሚወርደው። ላስቆመው አልችልም፣ ነሐሴ ነው። ደግሞ የዛሬው ወሬዬ ከዝናብ ጋር ስለሚገናኝ ይሰማ።

ጓሯችን ውስጥ ጀልባ አለች። ቀልዴን አይደለም። ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ከኩሽናው ጀርባ። አራት ሜትር ተኩል የምትረዝም የእንጨት ሞተር ጀልባ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ወንዝ በበጋ ቆርኪም አያንሳፍፍ።

ያመጧት ጋሼ ናቸው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ላንጋኖ ዳር ቤት የነበራቸው ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ ገዟት። የዛሬ 30 ዓመት መሆኑ ነው። "አድሼ እመልሳታለሁ" አሉ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋቢያቸውን አውልቀው ይፍቋት ነበር። ጎረቤት ሲያልፍ "ጋሼ፣ ጎርፉ መቼ ነው?" ይላል። ቤታችን የኖኅ ቤት ተባለ። ያ ሁሉ ቀልደኛ በ2016 ፒያሳ ስትፈርስ ተበተነ። ከዶሮ ማነቂያ በኩል ይመጡ የነበሩት አንዳቸውም ዛሬ እዚህ የሉም። የሚቀልድብን ሰው እንደሚናፍቀኝ አላውቅም ነበር።

የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ግን አይቀልዱም። "የልብስ ማስጫዬን የወሰደች" ነው የሚሏት። አንድ ቀን እንኳን ጀልባ ብለው ሲጠሯት አልሰማሁም።

ጋሼ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። አምና ጥር ላይ "እኔ እጨርሳታለሁ" ብዬ ተነሳሁ። የአዲስ አበባን ጥር ታውቁታላችሁ፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ጣውላዎቿም እንደዚያው ደርቀው ነበር። በአንዳንዱ መጋጠሚያ የአንድ ብር ሳንቲም ሰተት ብላ ትገባለች። እኔ ምን አልኩ? ቀዳዳ ነው፣ ይደፈን። የመኪና ቀለም ቀቢ ጓደኛ አለኝ፣ ስቱኮ ሰጠኝ። ሁሉንም ሞላሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ። ቀይ ቀለም ቀባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አምራ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ።

ክረምቱ ገባ። ከላይዋ ያለው ቆርቆሮ ተበስቶ ኖሯል፣ አላየሁም። ውኃው ውስጧ ተጠራቀመ። አንድ ሌሊት "ጧ!" የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ሲነጋ ሳይ ሦስት የጎን አጥንቶቿ ተሰብረዋል። አጥንት የምለው ጣውላዎቹን ከውስጥ አቅፎ የያዘውን ቆልማማ እንጨት ነው።

ሰው በሰው አንድ አዛውንት አገኘሁ። ጣና ላይ ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። አሁን ቀበና ልጃቸው ጋ ነው ያሉት። የመጡት አንዲት ወስፌ ብቻ ይዘው ነው። ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉ።

"ልጄ፣ ማን ነው ድንጋይ የሞላባት?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ አስረዱኝ። እንጨት ሲደርቅ ርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ የሚኮማተረው በስፋቱ ነው። ውኃ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ያብጣል። ጀልባ ሠሪ ይሄን ስለሚያውቅ መጋጠሚያው ላይ ጥጥ ነው የሚጠቀጥቀው። ጣውላው ሲያብጥ ጥጡ ይጨመቃል፣ ቦታ ይለቃል፣ ውኃም አያስገባም። ስቱኮ ግን አይጨመቅም። ጣውላዎቹ ሲያብጡ መሄጃ አጡ፣ ተገፋፉ፣ ዕዳውን አጥንቶቹ ከፈሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባል የለ? ጠምቷት ነበር። እኔ አፏን ደፈንኩት።

ወስፌዋ የምን እንደሆነች የገባኝ ቀጥሎ ነው። እየዞሩ በየቦታው ወጋ ወጋ ያደርጋሉ። ጤነኛ እንጨት ወስፌ አያስገባም። የበሰበሰ እንደ ዳቦ ይውጣታል። ከታች፣ ሐይቁ ውስጥ ይዋኝ የነበረው ጣውላ ደህና ነው። የበሰበሰው ከላይ፣ ከኋላ ጥጉ ላይ ነው። የዝናብ ውኃ ሸራ ሥር ተኝቶ፣ አየር ሳያገኝ፣ ሻጋታው ቀስ ብሎ የበላው። ጋሼ ያን ሁሉ ዓመት ከዝናብ ሲጠብቋት ሸራውን እስከ መሬት ጥርቅም አድርገው ነበር የሚያስሩት። ይሄን ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አሳፈረኝ። ለተሰበሩት አጥንቶች ብዬ ከፈረሰ ቤት የወጣ የድሮ የጥድ ወራጅ ገዝቼ ነበር። የፒያሳ እንጨት ለፒያሳ ጀልባ፣ አላማረም? አዛውንቱ በአንድ ቃል መለሱኝ። አጥንት በእንፋሎት ተቀቅሎ ነው የሚጎብጠው። እንዲህ የደረቀ እንጨት አይታዘዝም፣ ቀጭ ይላል። እርጥበት ያልጨረሰ ፈልግ አሉኝ። ወራጁ አሁን አግዳሚ ወንበር ሆኗል፣ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የማወራችሁ።

ሞተሩን በአጭሩ ልለፈው። ኢቪንሩድ ነው፣ ባለ 40 ፈረስ። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1909 አሜሪካ ውስጥ ይህን ዓይነቱን ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ለገበያ ካበቃው ከኦሌ ኢቪንሩድ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2020 ማምረት አቁሟል። ካንዴላ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ልጁ "የየትኛው መኪና ነው?" አለኝ። "የጀልባ" ስለው ጓደኞቹን ጠራ። ደግሞ ከፍታ አለ። እንዲህ ዓይነት ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ላንጋኖ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 40ው ፈረስ እዚያ ሲደርስ 34 ይሆናል፣ 6ቱ መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

እና አሁን ምን ላይ ነኝ? ስቱኮ እየፈለቀቅኩ። በመጋዝ ስባሪ፣ በየምሽቱ አንድ ክንድ የማይሞላ። ማስገባቱ ሁለት ቅዳሜ ነው የፈጀብኝ፣ ማውጣቱ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። በኃይል ከጎተትኩ የጣውላው ጠርዝ አብሮ ይነሳል።

ጥጡን በተመለከተ አዛውንቱ "ላላ ብሎ የተፈተለ ይሁን" አሉኝ። ላላ ብሎ የተፈተለ ጥጥ የት ይሸጣል? ባለፈው እሑድ ቡና እየተፈላ ይሄንኑ ሳወራ እትዬ ሰሙኝ። እንዝርታቸውን ከመሶቡ ሥር አወጡ። "ስንት ነው የሚፈለገው?" አሉ። መጋጠሚያዎቹን ደምሬ ነበር። መቶ ሜትር ቢሆን ነው፣ ደራርቦ ለመጠቅጠቅ የዚያ ጥቂት እጥፍ።

እትዬ እንዝርቱን እንደያዙ ቆዩ።

"ይቺማ ለአንድ ነጠላም አትሆን" አሉ። "ለዚህ ነው 30 ዓመት የቆመው? ለምን አልጠየቀኝም?"

ዝናቡ እየባሰ ነው፣ ልዝጋው። ባልዲ ቦታ ማስቀየር አለብኝ።