ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው ካላንደር፦ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የአብራሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ ቤተሰቦች፣ ከሩቅ ስቴት የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜን ከሮስተር (ከሥራ ምደባ ሰሌዳችን) ላይ ማስለቀቅ ምን ያህል እንደሚከብድ እዚህ አዳራሽ ላለ ሰው አልነግርም። ለዛሬ ብላችሁ በረራ የተቀያየራችሁ አላችሁ። ሌሊቱን ጭነት ሲያበር አድሮ ዩኒፎርሙን ሳይቀይር የገባ ወንድም ከኋላ ወንበር ላይ አይቻለሁ። ክብረት ይስጥልን።

ዘንድሮ የምናገረው አንድ ወጣት ስለጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ከሁለት ወር በፊት አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሀበሻ ቤት ቡና እየጠጣሁ ነበር። ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሰባት ዓመት ነድቷል። «ካፒቴን፣ ካላስቸገርኩዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ብሎ ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ካፒቴን የደሞዝ ወረቀቱን ካሜራ ፊት ይዞ ያሳያል። «መኪናዬን ሽጬ አብራሪነት ልማር ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ለበረራ ልወጣ ስቸኩል ነበር። በአሥር ደቂቃ አበረታትቼው ሄድኩ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ጋብዤው እዚህ አለ። ሙሉውን ልመልስለት።

ቪዲዮው አልዋሸም። ይህን መጀመሪያ እናገራለሁ። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2024 (ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የአየር መንገድ አብራሪን መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ 226,600 ዶላር ብሎታል። ግማሾቻችን ከዚያ በላይ፣ ግማሾቻችን ከዚያ በታች እናገኛለን ማለት ነው። የከባድ መኪና ሹፌር 57,440 ነው። ነርስ 93,600፣ ሶፍትዌር የሚሠራ 133,080። የሁሉም ሥራ መካከለኛ 49,500 ነው። ከኛ በላይ የሚከፈላቸው ሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ሐኪሞች ናቸው። እንጀራችን ወፍራም ነው። ይህን መደበቅ ነውር ነው።

ግን ወረቀቱ ላይ የማይታይ ነገር አለ። እሱን ያስተማረችኝ እህቴ ናት።

እህቴ ነርስ ናት። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ፍሪጃችን ላይ ካላንደር ተለጥፏል። እሷ በሰማያዊ እስክሪብቶ ትጽፋለች፣ እኔ በቀይ። የሷ ነጠላ ቀን ነው፤ ሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 12 ሰዓት። የኔ ረጅም መስመር ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አንድ ወጥ ቀይ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ «ለምን ቁጭ ብለን አንቆጥረውም?» አለችኝ። ቆጠርን። እሷ ትርፍ ሰዓቷን ጨምሮ 14 ቀን ገብታለች፤ 168 ሰዓት። እኔ አራት ጉዞ ወጥቻለሁ። የተከፈለኝ 84 ሰዓት ነው። ከቤት ወጥቼ እስክመለስ ያለው ሲደመር 304 ሰዓት። አሥራ ሁለት ሌሊት ሆቴል አድሬያለሁ። ለአንድ የተከፈለኝ ሰዓት ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ከልጆቼ ርቄያለሁ ማለት ነው። እህቴ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ዝም አለች። ከዚያ በፊት «አንቺ በወር 80 ሰዓት እየሠራሽ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብላኝ አታውቅም።

እርግጥ በወሩ ውጤት እኔ ከሷ የተሻለ ገንዘብ ይዣለሁ። ግን የሰዓት ዋጋችን ሰው እንደሚያስበው በሰማይና በምድር ልዩነት የለውም። እሷ ደግሞ ጠዋት ልጇን ራሷ ትምህርት ቤት ታደርሳለች።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል ሰዓቱ የሚቆጠርበት መንገድ ነው። በአብዛኛው የሚከፈለን አውሮፕላኑ ከበሩ ተላቆ እስኪቆም ላለው ጊዜ ነው። ቅድመ በረራ ፍተሻ፣ የአየር ሁኔታ ማንበብ፣ ተሳፋሪ እስኪገባ መጠበቅ፣ ይሄ ሁሉ ከሰዓቱ ውጪ ነው። አንድ ጥር ላይ ቺካጎ አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ሦስት ሰዓት በሩ ተከፍቶ ተቀመጥን። በረዶው ይወርዳል። ሻንጣ የሚጭነው ልጅ ከታች ጓንቱን እያፋተገ ይጠብቃል፤ የሱ ሰዓት ይቆጥራል። እኛና ሆስተሶቹ ላይ የሚቆጥረው ጥቂት ዶላር የምግብ አበል ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ ዴልታ በ2022 ለሆስተሶች በመሳፈሪያ ሰዓት የደሞዛቸውን ግማሽ መክፈል ሲጀምር የአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ስንት አሥርት ዓመት በነፃ አሳፍረዋል!

ሹፌሩ ወንድሜ ይሄን ሳልጨርሰው ገባው። «የኛም እኮ እንደዚሁ ነው። በማይል ነው የሚከፈለን። መጋዘን በር ላይ ስድስት ሰዓት ስንጠብቅ ማን ያየናል?» አለኝ። ልክ ነው። ሁለታችንም መንኮራኩር ሲዞር ነው የምንበላው። ሕጉም ዘመዳሞች ያደርገናል። እሱ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፣ ከ14 ሰዓት በኋላ ማቆም አለበት፣ 10 ሰዓት ያርፋል። እኛ ሁለት ሆነን ስንበር በቀን ከ8 ወይም ከ9 ሰዓት አናልፍም፤ በ28 ቀን 100፣ በዓመት 1,000 ሰዓት ነው ጣሪያችን። ዕረፍታችን ቢያንስ 10 ሰዓት ሆኖ ስምንቱ ሰዓት ለእንቅልፍ የተተወ መሆን አለበት። ሰው «በዓመት 1,000 ሰዓት» ሲሰማ ግማሽ ሥራ ይመስለዋል። የእህቴን እስክሪብቶ ልኬ ባሳየሁት ደስ ይለኛል።

ይህ የዕረፍት ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2014 ነው። እንዴት እንደመጣ መንገር አለብኝ፤ ወጣቶቻችን አያውቁትም።

የካቲት 12 ቀን 2009 ማታ፣ ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ የሚሄድ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አንድ ቤት ላይ ወደቀ። የበረራ ቁጥሩን፣ 3407ን፣ ብዙዎቻችን አንረሳውም። ውስጥ የነበሩት 49 ሰዎችና መሬት ላይ አንድ ሰው ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ 24 ዓመቷ ነበር። የምትኖረው በሌላው የሀገሪቱ ጫፍ፣ ሲያትል አካባቢ ነው። ሌሊቱን በሌላ አውሮፕላን ተሳፍራ ነው ሥራ ቦታዋ የደረሰችው። ደሞዟ በዓመት 16 ሺህ ዶላር አካባቢ እንደሆነ በምርመራው ችሎት ተነገረ፤ ኩባንያው በኋላ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ቢያርመውም ያው ትንሽ ነበር። ጉንፋን ይዟታል። የድምፅ መቅጃው ላይ ለካፒቴኑ የነገረችው ተቀርጿል፦ ቤቷ ሆና እንዲህ ቢያማት እንደማትመጣ፣ አሁን ግን አሞኛል ብላ ብትቀር እስኪሻላት ሆቴል ከራሷ ኪስ መክፈል እንዳለባት።

ያንን ጽሑፍ ያነበብኩ ቀን የአየር መንገድ ሥራ ገና እየፈለግሁ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም። አደጋው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ዋናው ካፒቴኑ አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲያጣ የሰጠው ምላሽ ነው። እኔ ግን ደሞዝ፣ ሮስተርና የሕመም ፈቃድ ተለያይተው እንደማይታዩ ከዚያች ልጅ ነው የተማርኩት። ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የሟቾቹ ቤተሰቦች ኮንግረስን ደጅ ጠንተው ሕግ አስወጡ። አየር መንገድ ለመቀጠር የሚጠየቀው የ1,500 የበረራ ሰዓት ግዴታውም፣ የዕረፍት ሕጉም የመጣው በነሱ ነው። ጭነት የምታበሩ ግን የዕረፍት ሕጉ ውስጥ አልገባችሁም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣው ድካም ከኋላ ያለው ሳጥን ይሁን ሰው አይጠይቅም።

ያ ዘመን ሁሉንም ያደቀቀ ነበር። ከመስከረም 2001 የሽብር ጥቃት በኋላ ስንቱ ከሥራ ተባረረ። የዩናይትድ አየር መንገድ ጡረታ በ2005፣ የዴልታ አብራሪዎች ጡረታ በ2006 ተሰረዘ። ሃድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላን አሳርፎ 155 ሰው ያተረፈው ካፒቴን ሰለንበርገር፣ በሳምንታት ውስጥ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ደሞዙ 40 በመቶ መቆረጡን፣ ጡረታው መቅረቱን ተናገረ። ዛሬ ቪዲዮ ላይ የሚታየው ደሞዝ ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ነው። አነስተኞቹ አየር መንገዶች ደሞዛቸውን ያነሱት በ2022 አብራሪ ሲጠፋባቸው ነው። የዴልታ አብራሪዎች በ2023 ያጸደቁት ውል በአራት ዓመት 34 በመቶ ጭማሪ አመጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ማንም ወድዶ አልሰጠም። ተደራድረው ነው።

ወደ መንገዱ ልምጣ። አገር ቤት የሰለጠናችሁ አየር መንገዱ መርጦ በራሱ አካዳሚ ነው ያስተማራችሁ። እዚህ ከኪስ ነው። ከዜሮ ተነስቶ አስተማሪ እስከ መሆን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ 1,500 ሰዓት እስኪሞላ ብዙዎች በትንሽ ክፍያ ተማሪ ያስተምራሉ። ከዚያ አነስተኛ አየር መንገድ፣ ሪዘርቭ (ተጠባባቂነት)፣ ስልክ አጠገብ መተኛት። ነርስ ትምህርቷን እንደጨረሰች ሙሉ ደሞዝ ትጀምራለች። ሹፌሩ በሳምንታት ፈቃድ ያወጣል። እኛ ብዙ ዓመት ዕዳ ተሸክመን ነው የምንደርስባቸው።

ከዚያ ደግሞ ሲኒየሪቲ አለ፤ በቅጥር ቅደም ተከተል የሚሰጥ የተራ ቁጥር ማለት ነው። እህቴ ሆስፒታል ብትቀይር የ18 ዓመት ልምዷን ይዛ ትሄዳለች። እኔ ነገ አየር መንገድ ብቀይር የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ እገባለሁ፤ በደሞዝም በሮስተርም እንደ አዲስ ገቢ። ገና፣ ፋሲካ፣ የልጅ ምርቃት፣ ሁሉም በዚያች ቁጥር ነው የሚከፋፈለው።

ስለ ጥቅማጥቅም ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የነፃ ትኬት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን በስታንድባይ ነው፤ ወንበር ከተረፈ ብቻ። እናቴ በሠራተኛ ትኬት አዲስ አበባ ለገና ልትገባ ሦስት ማታ ኤርፖርት ተመላለሰች። ነጠላዋን አጣጥፋ ሻንጣዋ ላይ አስቀምጣ በሩ እስኪዘጋ ትጠብቃለች። ሦስተኛው ማታ «ልጄ፣ እኔ እንደ ሰው ከፍዬ ልሂድ» አለችኝ። ከፈልን። የሚጠቅመው ሌላው ነው፦ የጤና መድን፣ ትልልቆቹ ዘንድ አብራሪው ሳያዋጣ ኩባንያው የሚያስገባው ከ15 በመቶ በላይ የጡረታ ገንዘብ፣ በሽታ ከሥራ ሲያስወጣ የሚከፍል ዋስትና። ወጣቶች የሥራ ቅናሽ ሲመጣላችሁ ይህን የመጨረሻውን መጀመሪያ አንብቡ።

ምክንያቱም የኛ ሥራ በሰውነታችን ላይ ነው የቆመው። ከ40 ዓመት በኋላ በየስድስት ወሩ ሐኪም ፊት እንቀርባለን። በ65 ዓመት በቃ ነው። እህቴ ስኳር ቢይዛት በነጋታው ሥራ ትገባለች። ኢንሱሊን የሚወስድ ሹፌር ከ2018 ወዲህ ሐኪሙ ካረጋገጠለት ይነዳል። ለአየር መንገድ አብራሪ በር የተከፈተው በ2019 መጨረሻ ነው፤ ያውም በብዙ ምርመራ። በኛ ማኅበረሰብ ስኳር የሌለበት ቤት ስንት ነው? ስለዚህ አንዳንዱ ሐኪም ቤት መሄድ ይፈራል። ሕመሙን፣ በተለይ ጭንቀቱን፣ ደብቆ ይበራል። ከመካከላችን ሜዲካሉን፣ ማለትም ለመብረር የሚያስፈልገውን የጤና ፈቃድ፣ ያጣ አንድ ወንድም ለስምንት ወር ማንም ሳያውቅ ሊፍት (Lyft) የሚባለውን ታክሲ ሲነዳ ነበር። ኤርፖርት ያደረሰው የራሱን ጓደኛ ነው። መኪናው ውስጥ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ለዚህ ነው የሥራ አስፈፃሚው ዛሬ ሁለት ነገር ይዞላችሁ የቀረበው። አንደኛው እድር ነው። አባቶቻችን እዚህ ሀገር እግራቸው እንደረገጠ ለቀብር እድር አቋቋሙ። እኛ ደግሞ ሜዲካሉን ላጣ አባል በየወሩ የምናዋጣው እድር ይኑረን። ደንቡ ወንበራችሁ ላይ አለ፤ መዋጮው ላይ ተከራከሩ፣ እኔም የራሴ ሐሳብ አለኝ። ሁለተኛው ለወጣቶች የምንሰጠው ምክር ነው። ከእንግዲህ ማንም ልጅ ወደኛ ሲመጣ የደሞዙን ቁጥር ብቻ አንንገረው። ዕዳውን፣ የሪዘርቭ ዓመታቱን፣ ከቤት የሚርቅበትን ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ ጽፈን እንስጠው። የመጀመሪያውን የሜዲካል ምርመራ ደግሞ ማኅበሩ ይክፈልለት።

ሹፌሩ ወንድሜ፣ መኪናህን ገና አትሽጥ። አንድ ዶላር ለትምህርት ከማውጣትህ በፊት የአንደኛ ደረጃ ሜዲካል ውሰድ። ካለፍክ ከሚስትህ ጋር ካላንደር ይዛችሁ ተቀመጡና ቁጠሩ። ከዚያም ልብህ ካለ ና። እኔ ዛሬም ሌሊት ከደመና በላይ ወጥቼ ንጋትን ሳይ ይህን ሥራ ስለመረጥኩ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ማስተማሪያ መጻሕፍቴ ቤት አሉ፤ ሁሉንም ውሰዳቸው።

ጉባኤው ተከፍቷል። በመጀመሪያው አጀንዳ የእድሩን ረቂቅ ደንብ ፀሐፊያችን ያነቡልናል። እባክዎ ወደ መድረክ።