አይጠየፍ ማዕድ
(በኮምቦልቻ፣ በቅዱስ ቁርባን በዓል ላይ ለተሰበሰቡ የካቶሊክ ምእመናን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ውድ ደናግል እህቶቻችን፣ ከደሴ በጠዋት ተነስታችሁ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ የኮምቦልቻ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ምስጋና አለብኝ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ትናንት ማታ «ነገ እንግዳ አለባችሁ አሉ» ብለው አግዳሚ ወንበር ላኩልን። ስኒና ሁለት ትልልቅ ጀበናም ጨምረዋል። ዛሬ ቡናውን ጀባ የሚሉን እነሱው ናቸው። ወሎ ነዋ! እናቶቼ፣ እግዜር ይስጥልን።

አባ «ስለ ቅዱስ ቁርባን ተናገሪ» ሲሉኝ ደነገጥኩ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ፊደል ያስቆጠርኩ መምህር ነኝ። ነገረ መለኮቱን አባቶች ያስተምሩናል። እኔ ይዤ የመጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ ደሴ ያለውን አንድ አዳራሽና የእናቴን ታሪክ። የእናቴን አስፈቅጄ ነው። «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ተናገሪው» ብላኛለች።

ከአዳራሹ ልጀምር። ደሴ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ አይጠየፍ ይባላል። ልጅ ሆኜ ስሙ ይገርመኝ ነበር። ቤት እንዴት አይጠየፍም? አያቴን ጠየቅኳት። «ግብር ሲበላ መኳንንቱም ይገባል፣ ድሃውም ይገባል። አዳራሹ ማንንም አይጠየፍም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስሙን በልቤ እለዋለሁ።

አሁን አስቡት። በዚያ ዘመን ንጉሥ ፊት ለመቅረብ ደጅ መጥናት ነበረ። ጉዳይ ያለው ሰው ስንቁን ይዞ ይመጣል። ቀን ይጠብቃል፣ ወር ይጠብቃል። አንዳንዱ ሳይሳካለት ይመለሳል። የእኛ ንጉሥ ግን ራሱ ወደ እኛ መጣ። መጥቶም ግብር አበላን ብቻ አይደለም፤ ራሱ ማዕድ ሆነ። በዚያች በመጨረሻዋ ማታ ኅብስቱን አንስቶ «ይህ ሥጋዬ ነው» አለ። ምሳሌዬ ነው አላለም። በዚያ ማዕድ ዙሪያ ደግሞ ሊክደው ያለው ጴጥሮስ ነበረ፤ ሊሸሹ ያሉት ሌሎቹም ነበሩ። ማዕዱ አልተጠየፋቸውም።

ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ እሑድ ሳታስቀድስ ቀርታ አታውቅም። ዝናብ ቢሆን፣ የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ቢሰብር፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ግን አትቆርብም። ሰዉ ለመቁረብ ሲነሳ እሷ ዓምዱን ተደግፋ ወለል ወለሉን ታያለች። እኔና ወንድሜ ከቆረብን በኋላ ወደ እሷ ስንመለስ ግንባራችንን ትስመናለች። ልጅ ሆኜ ለምን እንደማትቆርብ አልገባኝም ነበር። ትልቅ ስሆን ጠየቅኳት። «አልበቃሁም ልጄ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ይህን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአገራችን ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው ተብሎ ነው ያደግነው። መሐል ያለው፣ የሚሠራው፣ የሚነግደው፣ የሚወልደው፣ የሚጣላውና የሚታረቀው ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ቃሉም ራሱ ያስፈራል። «ቆርበዋል» ሲባል ከእንግዲህ መፋታት የለም ማለት ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ለዓመታት ያቆዩታል። «ቆርቤ ብሳሳትስ?» ይላል ሰው። ፍርሃቱ ከክብር የመጣ ነው፤ አልነቅፈውም። ቅዱሱን ነገር እንደ ተራ ነገር ከሚያይ ሰው የሚፈራ ሰው ይሻላል። ግን ፍርሃቱ አድሮ አድሮ ግድግዳ ይሆናል። ሰውየው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ እየተራበ ያረጃል።

እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖራለች። አንድ ቀን አንድ አረጋዊ ካህን ቤታችን ለቡና መጡ። በጨዋታ መሐል ጠየቋት። እሷም ያንኑ አለች፤ «አባ፣ አልበቃሁም።» እሳቸው ዝም ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ወንድሜ አመለከቱ። ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ውሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በር ላይ ቆሟል። «ይሄን ልጅ አሁን ምን ትይዋለሽ?» አሏት። «ታጥበህ ና እለዋለሁ» አለች። «እንጀራ የለህም አትይውም?» «ኧረ እንዴት አባ!» «እንግዲያው አንቺም ታጥበሽ ነይ። ኑዛዜው መታጠቢያሽ ነው። እንጀራሽ እዚያው እየጠበቀሽ ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተናዘዘች። እሑድ ቆረበች። ያን ቀን አልረሳውም። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ እያለች ወደ ቤት ሄደች። ቀኑን ሙሉ ከግቢ አልወጣችም። ስናናግራት ፈገግ ትላለች እንጂ ብዙ አትመልስም። አባቴ «ዛሬ ቤታችን እንግዳ አለ» አለን። ሬዲዮኑንም ዘጋው።

እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን የምትለውን ልጨምር። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ጲዮስ አሥረኛ እ.ኤ.አ. በ1905 ምእመናን ከከባድ ኃጢአት ነጽተው ቶሎ ቶሎ፣ ቢቻል በየቀኑ እንዲቆርቡ አሳሰቡ። በ1910 ደግሞ ልጆች ነገሩን መለየት ሲጀምሩ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ እንዲቆርቡ አዘዙ። ቁርባን ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም ማለታቸው ነው። መምህር ስለሆንኩ ይህ ነገር ቶሎ ይገባኛል። ሽልማት በዓመቱ መጨረሻ ነው። ምሳ ግን ለሁሉም ልጅ፣ በየቀኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 አሜሪካ ውስጥ፣ ኢንዲያናፖሊስ በምትባል ከተማ፣ ከ50,000 የሚበልጥ ሰው እንደ እኛ ለቅዱስ ቁርባን ተሰብስቦ ነበር። እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ጉባኤ ካደረጉ 83 ዓመት አልፏቸው ነበር። ከአራት አቅጣጫ ተነስተው፣ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው፣ ሁለት ወር ያህል ተጓዙ። ስታዲየም ሙሉ ሰው በጸጥታ ተንበረከከ። ጉባኤውን ካስፈለጉት ነገሮች አንዱ በ2019 የወጣ ጥናት ነው። ከዚያ አገር ካቶሊኮች ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናል ብለው የሚያምኑት ሲሶው ያህል ብቻ ናቸው አለ። አባቶች ደነገጡ፤ ሕዝቡን ጠሩ።

ይህን ሳነብ ስለ እኛ አሰብኩ። የእኛ ችግር ሌላ ነው። እኛ እናምናለን። በግእዙ ቅዳሴያችን ካህኑ ሥጋ ወደሙን ይዞ «አአምን፣ አአምን፣ አአምን» ይላል፤ ሦስት ጊዜ። «እስከ ደኃሪት እስትንፋስ» ይላል። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ማለት ነው። ይህን ሰምቶ ያደገ ሕዝብ አላምንም አይልም። እኛ አምነን እንርቃለን። ከልብ እንሰግዳለን፣ ከሩቅ። ሁለቱም ረሃብ ነው ወገኖቼ። አንዱ ማዕዱ ባዶ ነው ብሎ ሄደ። ሌላው ማዕዱ ሙሉ ነው ብሎ በር ላይ ቀረ።

የራሳችንን ሰው ደግሞ ልጥራ። ሀገረ ስብከታችን በ2007 ዓ.ም. ሲቋቋም ባሕር ዳርንና ደሴን በአንድ ስም አያያዘ። ስለዚህ የጎጃሙ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል የእኛም አባት ናቸው። መነኩሴና ሊቅ ነበሩ። እውነትን ፍለጋ ብዙ አገር ዞረዋል። አቡነ ያዕቆብ በሚባሉት በጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጳጳስ፣ በቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እጅ ቅስና ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ወደ 60 ተጠግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የኖሩት አምስት ዓመት አይሞላም፤ የመጨረሻውን ጊዜ ደግሞ በሰንሰለት ታስረው። በነሐሴ 1847 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ አረፉ። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ያ ስሌት ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ የጠበቁትን፣ በእጃቸው የያዙት ለጥቂት ዓመት ነው። እኛ በየእሑዱ ደጃችን ላይ አለን።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ብዙ ሰው ወጣ። እኛ ግን አልወጣንም። እናቴ የደሴ ብርድ ለጉልበቷ አልሆን ብሏት እኔ ጋ፣ ኮምቦልቻ ነበረች። በእግር መሄድ አትችልም። ቅዳሴ የለም። የደወል ድምፅ የለም። ዱቄት ስናጣ ጎረቤታችን ሐጂ ከእሳቸው ቀንሰው ሰጡን።

አምስት እሑድ አለፈ። በየእሑዱ እናቴ በቅዳሴው ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙራ ትቀመጥ ነበር። የምታስታውሰውን ያህል ታዜማለች። የካህኑን ቦታ ዝም ትላለች። የሕዝቡን ትመልሳለች። ቁርባኑ ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩ ክፍት ሆኖልኝ ሳልገባ ቀረሁ። አሁን ልግባ ስል ተዘጋ» አለችኝ አንድ ቀን። ያኔ ነው እኔም የገባኝ። ከዚያ በፊት ቁርባን ለእኔ የእሑድ ልማድ ነበር።

በኋላ የቬትናሙን ጳጳስ የቫን ትዋንን ታሪክ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ 13 ዓመት ታስረዋል። ወገኖቻቸው ወይኑን የሆድ መድኃኒት ነው ብለው ይልኩላቸው ነበር። ሦስት ጠብታ ወይን፣ አንድ ጠብታ ውሃ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ይቀድሱ ነበር። ለእናቴ ስነግራት ለረጅም ጊዜ መዳፏን ስታይ ቆየች።

ስለ ስግደቱ ትንሽ ልበል። የቅዱስ ቁርባን ስግደት፣ መንበሩ ላይ በተቀመጠው ቅዱስ ቁርባን ፊት ቆይቶ መጸለይ ማለት፣ ደጅ ጥናት ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ ቀድሞ ተቀምጦ የሚጠብቀው እሱ መሆኑ ነው። ብዙ ጸሎት የማላውቅ ሰው ምን ልበል ትሉኝ ይሆናል። ምንም አትበሉ። ሐኪም ቤት የታመመ ዘመድ ጋ ስትቀመጡ ምን ትላላችሁ? አጠገቡ መሆን ነው። ሐሳብ ይሄዳል፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የዘይት ዋጋ ይመጣል። እሱኑ ፊቱ አስቀምጡለት። እንዲያውም ለቅዱስ ቁርባን እንዲህ መሰብሰቡ የተጀመረው በተራ ሰው ነው። ለቅዱስ ቁርባን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይደረግ ብላ ለዓመታት ደጅ የጠናችው ኤሚሊ ታሚዝዬ የተባለች ፈረንሳዊት ምእመን ናት። የመጀመሪያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1881 ሊል ላይ ተደረገ። በ1985 ናይሮቢ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ደረሰ። ዛሬ እኛ በአቅማችን እዚህ ነን። ጥቂት ነን፤ አውቃለሁ። ጥቂት መሆን አያሳፍርም። በዚያች ማታም በማዕዱ ዙሪያ አሥራ ሦስት ነበሩ።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ሳልናገር አልወርድም። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ በመጨረሻው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከማታ ሺፍት ወጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ትመጣለች። ከመሐላችን አንዲት ሴት «ነጠላ እንኳ የላትም» አለች፤ ልጅቷ እየሰማች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ቤቷን ፈልጌ አጣሁት። ተከራይታ የነበረችበትን ቤት ለቃለች። እኔም ያን ጊዜ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ያቃጥለኛል። አይጠየፍ ማዕድ ላይ ተቀምጠን እርስ በርስ ከተጠያየፍን ምን በላን? እህቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ የታጠቡ ነጠላዎች ይቀመጣሉ። ማንም ያንሳ፤ ማንም አይጠይቅ።

ሺፍት የምትገቡ ልጆች፣ እሑድ የማይመቻችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አባን ጠይቀናል፤ ፈቅደውልናል። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ማታ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ቅዱስ ቁርባኑ መንበሩ ላይ ይሆናል። አባ ለኑዛዜ ይቀመጣሉ። ሩብ ሰዓትም ቢሆን ግቡ። የደከመው እንቅልፍ ቢወስደው የሚቀሰቅሰው የለም።

አሁን ዑደቱ ሊጀመር ነው። ጃንጥላ የምትይዙ ወጣቶች ከመቅደሱ በስተቀኝ ቁሙ። ሕፃናት አበባውን ይዛችሁ ከፊት። መቆም የማትችሉ በያላችሁበት ተቀመጡ፤ ማንም አያስነሳችሁም።

እናቴ ከበሩ አጠገብ፣ ጥላው ሥር ነው ያለችው። መነሳት አትችልም። አባ፣ በእሷ በኩል ሲያልፉ ጥቂት ይቁሙላት።