ወንድም ጋሼ የጻፋት 700

እሺ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ስለ አዲሱ ሥራ ነበር የማወራው፣ ቃል ገብቼ ነበር፣ ግን ይቆይ። አንድ ነገር ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ስለ ወንድም ጋሼ ነው። አዎ፣ ያው ፍሪጅ ላይ ሂሳብ የሚጽፈው።

ድሮ አብረን የምንጠቀምበት የዛ አሮጌ ማክ ኮምፒውተር ዲስክ ተገልብጦ መጣልኝ። ባዚሊስክ 2 ላይ ጫንኩት፣ አሮጌ ማክን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፣ ተነሳ። ሲስተም 7 የሚባለው የድሮው የማክ ሲስተም፣ ያ ግራጫ ስክሪን፣ ፋይሎቹ ሁሉ እንዳሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ማኩ 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበረው። ሜጋ ነው ያልኩት። ሲሶውን ሲስተሙ ራሱ ይበላዋል። በቀረው ላይ ብዙ ፕሮግራም ባንዴ መክፈት ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱ ገና ሲከፈት ድርሻውን ቆርጦ ይይዛል። ባይሠራበትም አይለቅም፣ ቢያንሰውም አይጨመርለትም። ድርሻውን የምትወስኑት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ፕሮግራሙን ትዘጋላችሁ፣ ጌት ኢንፎ ትላላችሁ፣ ከታች ሦስት ቁጥር ይመጣል። አንዱ ሠሪዎቹ የሚመክሩት ነው፣ እሱ አይነካም። ሁለተኛው ከዚህ ካነሰ አልከፈትም የሚልበት። ሦስተኛው፣ ካለ ይሄን ያህል ስጡኝ የሚለው። ቁጥሩ እዛው ፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ለዛ ነው እስከዛሬ የቆየው።

የኔን የስዕል ፕሮግራም ጌት ኢንፎ አልኩት፣ 4700 ኪሎባይት ይላል። የሱን የጽሑፍ ፕሮግራምም አየሁት። የሚመከረው 1024። ካለ ስጡኝ የሚለውም 1024። ትንሹ 700።

700 ያለው ማነው? እሱ ነዋ። ማክ ላይ ከሱ ሌላ ቁጥር የሚነካ አልነበረም።

ያን ማታ አስታውሰዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን የሚበተን ወረቀት በአማርኛ እየጻፈ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ እነዘንዛለሁ፣ ስዕሌ ትልቅ ሆኖ ሜሞሪ አነሰኝ እያለ አልከፈት ብሎኛል። ቀና አላለም። «ቆይ፣ ቦታ ላስፋልሽ» አለኝ። የሱን ዘጋ። አንድ ነገር አጠፋ፣ አንድ ነገር ጻፈ፣ በሁለት ጣት፣ ቀስ ብሎ። የኔ ተከፈተ። ደስታዬ! ተራ በተራ እንሠራ ነበር፣ እሱ ትንሽ ይጽፋል፣ እኔ ትንሽ እቀባለሁ። ከዛ ስክሪኑ ላይ ያቺ የቦምብ ምልክት መጣች። ያኔ አንዱ ፕሮግራም ሲወድቅ ሌሎቹን ይዞ ሊወድቅ ይችላል፣ መሃላቸው አጥር የለም። የጻፈው ሄደ። «ቆሟል» አለ፣ አስነሳው፣ እንደገና ከላይ መጻፍ ጀመረ። እኔ ልተኛ ሄድኩ።

ምክሩ እኮ ከቁጥሩ በላይ ተጽፏል! 1024 ይላል፣ ከሥሩ 700 ጻፈ። እንግሊዝኛ ያነባል። አይቶታል ማለት ነው?

ወይም ደግሞ አስቦበታል። «አባውት ዚስ ማኪንቶሽ» የሚል መስኮት ነበር፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከያዘው ውስጥ ስንቱን እንደሚጠቀም በባር ያሳያል። ግማሹን ባዶ አይቶ ይበቃኛል ብሎ ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ጽሑፍ ምን ይፈልጋል?

በነገራችን ላይ ይሄ የማክ ጣጣ ብቻ አልነበረም። ዊንዶውስ 3 ላይም ለዶስ ፕሮግራሞች፣ ዶስ ማለት ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም ነው፣ ፒፍ የሚባል ፋይል ነበር፣ ቢያንስ 128 ኪሎባይት፣ ቢቻል 640 እያላችሁ የምትሞሉት። ሐሳቡ ቶፕቪው ከሚባለው የአይቢኤም ፕሮግራም ነው የመጣው፣ በፈረንጆቹ 1985። በዛው ዓመት ከመጀመሪያዎቹ የማክ ሠሪዎች አንዱ የሆነው አንዲ ኸርትስፌልድ ለማክ ስዊቸር የሚባለውን፣ ብዙ ፕሮግራም ባንዴ የሚያስከፍተውን ሠራ፣ እሱም ሜሞሪውን አስቀድሞ ያከፋፍላል። ማክ ላይ ይሄ ነገር የቀረው በፈረንጆቹ 2001 ማክ ኦኤስ ኤክስ የሚባለው አዲስ ሲስተም ሲመጣ ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ቁጭ ብሎ ለማን ስንት እንደሚሰጥ በእጁ ሲጽፍ ኖረ። ይገርመኛል። እናደዳለሁም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ሥራ ፈትቶ ይዞ ተቀምጧል፣ ሌላው አጥሮት ይወድቃል፣ እና ይሄ ትክክለኛ አሠራር ነበር።

እሑድ ስደውልለት ልጠይቀው ነበር። ስለ ጉልበቱ አወራን፣ ስለ ልጆቹ፣ አለቀ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የተከፈቱበት ቅደም ተከተል። የሱ ቀድሞ ከተከፈተ 1024ቱን ሙሉ አግኝቷል፣ የምታንሰው የኔዋ ናት፣ እና ቦምቡ በሌላ ምክንያት ነው። የኔ ቀድማ ከሆነ ግን 4700ዋን ወስዳ ለሱ የቀረው 800 እንኳ አይሞላም። የቱ እንደቀደመ ላስታውስ እሞክራለሁ። የሱን ዘጋ፣ ጻፈ፣ የኔ ተከፈተ... የኔ ተከፈተ ነው ያልኩት አይደል ቅድም? ግን ከዛ በፊት የሱን መልሶ ከፍቶት ከነበረስ፣ ምክንያቱም ወረቀቱን ማየቴን...