ክዳኑን ግማሽ ከፍቶ መብላት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ምሳ ዕቃ ላውራችሁ።

የተማርኩት አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ምሳ ዕቃችንን ግማሽ ብቻ ከፍተን የምንበላ ልጆች ነበርን። ክዳኑን በግራ እጅ ያዝ አድርጎ፣ በቀኝ ከሥሩ መጉረስ ነው። ውስጡ ሽሮ ነው። አንዳንዴ በርበሬ የነካው ደረቅ እንጀራ። እናቴ ሌሊት ተነስታ የቋጠረችልኝን ነው የምደብቀው። ይህን ሳስብ እስካሁን ሆዴን ይበላኛል። ምንም ያልያዙት ደግሞ ደወል ሲደወል ወደ ቧንቧው ይሄዳሉ። ውሃ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «በልተናል» ይሉናል።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። ከግል ትምህርት ቤት የመጡት እጃቸውን አውጥተው ዘና ብለው ይመልሳሉ። ሒሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ። መልሱ ደብተሬ ላይ አለ። እጄ ግን አልወጣም። መምህሩ «ዝምተኛ ናት» አሉ። እኔ ለራሴ «ደደብ ነኝ» አልኩ። ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም እኮ። የጫማዬን፣ የምሳዬን፣ የእንግሊዝኛዬን ነገር ደማምሬ፣ የቤታችንን ኑሮ የጭንቅላቴ ልክ አደረግኩት።

በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ በነፃ ማቅረብ ጀመረ። ሰው ሲያነሳው ስለ ረሃቡ ነው የሚያወራው። ልክ ነው፣ በባዶ ሆድ ትምህርት አይገባም። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን የእህቴን ልጅ ላመጣ ሄጄ፣ መጋቢ እናቶች ምሳ ሲያቀርቡ ደረስኩ። ሁሉም ልጅ ፊት ያው ምግብ ነው። ክዳን የያዘ እጅ የለም።

ዩኒፎርም ሁሉን አይሸፍንም፣ አውቃለሁ። ጫማ አለ፣ ቦርሳ አለ። መምህራን ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «መዋጮ ያላመጣችሁ ቁሙ» አትበሉ። እኔ ቆሜያለሁ። ክፍሉ ሙሉ ዞሮ ሲያይሽ፣ ያን ቀን የተማርሽው ሌላ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ወላጅ ስልክ አለው፤ ደውሉለት።

ከግቢው ስንወጣ ልጅቷን «ምን በላሽ ዛሬ?» አልኳት።

«ፓስታ!» አለች፤ ጮክ ብላ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።