ስም ሳይሆን ሰው ተከተሉ

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አብዛኛው ሰው የዘር ሐረጉን መፈለግ የሚጀምረው አንድ ስም ይዞ ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ የአያት ስም ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ወረቀት ላይ የተገኘ ፊርማም ሊሆን ይችላል። ያንን ስም ኮምፒውተር ላይ ይጽፍና ይጠብቃል። ውጤቱ ይመጣል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያንኑ ስም ይዞ ይደረደራል። የኔ የቱ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው ደግሞ፣ ይሄኛው ይብሳል፣ ደስ ያለውን ይመርጥና «አያቴ ይሄ ነው» ብሎ ይደመድማል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ስም ሳይሆን ሰው ተከተሉ። ስም ይቀየራል፣ ይጠፋል፣ ይሰጣል፣ ይነጠቃል። ሰውየው ግን የሆነ ቦታ ተወልዷል፣ ከእነማን ጋር እንደኖረ ይታወቃል፣ የሆነ ወረቀት ላይም ተጽፎ ይሆናል።

ከመቀጠሌ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳይምታታብን።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ሁለት ወላጆች አሉን። አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች። በየትውልዱ እጥፍ ይሆናል። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ስንሄድ 1,024 ሰው እንፈልጋለን ማለት ነው። ሃያ ትውልድ ላይ 1,048,576 ይደርሳል። ሠላሳ ትውልድ ላይ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል፤ በዚያን ዘመን ደግሞ ዓለም ላይ ይህን ያህል ሕዝብ አልነበረም። ታዲያ እንዴት ይሆናል? መልሱ ቀላል ነው። ዘመድ ከዘመድ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ሲጋባ ኖሯል። ስለዚህ አንዱ ሰው በሐረጋችን ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ፣ ከዚያም በላይ፣ ይመጣል። አሁን ልብ በሉ። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው የቤተሰብ ስም ከእነዚያ 1,024 ቦታዎች የሚነግረን ስለ አንዱ ብቻ ነው። አንዱ! ሌሎቹ 1,023ቱ በዚያ ስም ብንፈልጋቸው አይገኙም። እነሱም ግን እኩል አያቶቻችን ናቸው።

ሌላው ነገር፣ የቤተሰብ ስም ብዙ ቦታ የምናስበውን ያህል አሮጌ አይደለም። በእንግሊዝ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ቀስ እያለ ነው የጸናው። ሌላ ቦታ ግን መንግሥት በአንድ ቀን አዋጅ ያመጣው ነው። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን በ1811 በኔዘርላንድስ መጠሪያ የሌለው ሁሉ መርጦ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። ጃፓን በ1875 ሁሉም ዜጋ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አስገደደች። ታይላንድ በ1913፣ ቱርክ በ1934 ተከተሉ። በፊሊፒንስ የሆነው ደግሞ ይገርማል። የስፔኑ ገዢ ክላቬሪያ በ1849 አንድ የስም ዝርዝር አሳትሞ ለየአካባቢው አከፋፈለ፤ ከዚያ የተነሳ አንዳንድ ከተሞች ውስጥ የነዋሪው ስም ሁሉ በአንድ ፊደል እስከመጀመር ደረሰ። እዚያ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ዘመድ ላይሆኑ ይችላሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች መሆናቸውን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ከሌለ፣ ስሙ የሚናገረው ስለ ዝርዝሩ እንጂ ስለ ደም አይደለም።

በስካንዲኔቪያ ሌላ ጣጣ አለ። ልጅ በአባቱ የመጀመሪያ ስም ይጠራ ስለነበር ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል፤ ወንድምና እህት እንኳን «የእገሌ ልጅ» የሚለው በወንድና በሴት ስለሚለይ አንድ ዓይነት ስም አይኖራቸውም። ኖርዌይ ላይ ደግሞ ሰው በሚኖርበት እርሻ ስም ይጠራ ነበር፤ እርሻ ሲቀይር ስሙም ይቀየራል። አይስላንድም ኢትዮጵያም እስከ ዛሬ በአባት ስም ነው የሚጠሩት። እንዲህ ባለ ቦታ ስም ብቻ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ጨርሶ አይቻልም። መንደሩን፣ ዓመቱን፣ የእናትየዋን ስም፣ የእህት ወንድሞቹን ስም አንድ ላይ መያዝ ግድ ነው።

ከሙያ የመጣ ስምም አለ። ብረት ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር አልነበረምና የእንግሊዙ ስሚዝ፣ የጀርመኑ ሽሚት፣ የዓረቡ ሐዳድ ሁሉም ከዚያው ሙያ የመጡ ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ የማይዛመዱ ቤተሰቦች ያንኑ ስም ይዘዋል። እግረ መንገዴን፣ «የቤተሰብዎ ዓርማ» እያሉ በስም የሚሸጡትን ጋሻና አንበሳ አትግዙ። በእንግሊዝ ሕግ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ግለሰብና ለተወላጆቹ ነው፤ ስሙን ለያዘ ሁሉ የሚታደል ነገር አይደለም።

ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ታሪክ አለ። «ስማችን ኤሊስ ደሴት ላይ ተቀየረ፤ ሠራተኛው አጥፍቶ ጻፈው» ይባላል። ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለችው ይህች ደሴት ከ1892 እስከ 1954 ስደተኞችን ስትቀበል ነበር። ነገር ግን መርማሪዎቹ የሚሠሩት መርከቡ ሲነሳ በተዘጋጀው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው፤ የተጻፈውን ያረጋግጣሉ እንጂ አዲስ ስም አያወጡም ነበር። ስሙ የተቀየረው ብዙውን ጊዜ በኋላ ነው፤ ሥራ ሲፈለግ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ጎረቤት መጥራት ሲያቅተው። የቀየሩት ራሳቸው ናቸው። ይህ ለፈላጊ ትልቅ ዜና ነው፤ የድሮው ስም መርከቡ ዝርዝር ላይ ይኖራል ማለት ነው። የፊደል አጻጻፍ ልዩነትም አያስደንግጣችሁ። ሰዉ ራሱ ስሙን በአንድ ዓይነት አይጽፍም ነበር፣ ብዙው ጨርሶ አይጽፍም ነበር፣ ጸሐፊው የሰማውን ነው የከተበው። ስሞችን በድምፃቸው የሚመድብ ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ በ1918 አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበውም ለዚሁ ነው።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። ስም የተነጠቁ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1850 እና በ1860 የተደረጉት ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎችን ለብቻቸው ዘርዝረዋል፤ ከጥቂቶች በቀር ግን ስማቸው የለም። የባለቤት ተብዬው ስም ተጽፎ ከሥሩ እድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ይደረደራል። «ሴት፣ 30። ወንድ፣ 12። ወንድ፣ 4።» አብዛኞቹ ስማቸው ቆጠራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በ1870 ነው። የእነሱ ልጆች ፍለጋቸው እዚያ ዓመት ላይ ሲደርስ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። እዚህ ላይ ስም መፈለግ ምንም አያደርግም። የባሪያ አሳዳሪውን ኑዛዜ፣ የውርስ ክፍፍል ዝርዝር፣ የሽያጭ ውል ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ እዚያ ውስጥ የመጀመሪያ ስሞች ይገኛሉና። ከባርነት ነጻ ለወጡ ሰዎች ተቋቁሞ ከ1865 እስከ 1874 የሠራ የቁጠባ ባንክም አለ። ደብተር ሲከፈት የእናት፣ የአባት፣ የእህት ወንድም ስም ይጠየቅ ስለነበር ባንኩ ከከሰረ ከረጅም ጊዜ በኋላም መዝገቡ ቤተሰብ እያገናኘ ነው። አንድ እናት ከእሷ ላይ የተሸጠባትን ልጅ ስም ለባንክ ጸሐፊ ስትናገር ከመቶ ዓመት በኋላ ልጅ ልጇ ያነበዋል ብላ አላሰበችም። አንብበውታል።

ሴቶችም በዚህ ሥራ ውስጥ በቀላሉ ይጠፋሉ። የባል ስም በሚወሰድባቸው አገሮች አንዲት ሴት ካገባችበት ቀን ጀምሮ የትውልድ ስሟ ከወረቀት ላይ ይወርዳል። ተስፋ አትቁረጡ። የጋብቻ መዝገቡን ፈልጉ፤ የልጆቿን ሁሉ የልደት ምዝገባ ተመልከቱ፤ በተለይ ምስክሮቹንና የክርስትና አባትና እናቶቹን። ብዙ ጊዜ የእሷ ወንድምና እህት ናቸው። የሁሉም ልጆች መዝገብ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ያልታወቀ ስም ካያችሁ፣ የእናትየው ወገን ሊሆን ይችላልና አትለፉት። ስፔንኛ በሚናገሩ አገሮች የአባትም የእናትም መጠሪያ አብሮ ስለሚጻፍ እዚያ ሥራው ይቀላል። ሌላ ቦታ ግን ጎረቤቱን፣ ዋሱን፣ አብሮ የተሰደደውን ሁሉ ማጥናት ነው።

ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ ከራሳችሁ። ከዚያ ወላጅ፣ ከዚያ አያት። አንዱን ሳታረጋግጡ ወደ ቀጣዩ አትዝለሉ። ሥራው የሚበላሸው ሰው አንድ ታዋቂ ንጉሥ ወይም ጀግና መርጦ ከላይ ወደ ታች ወደ ራሱ ለመውረድ ሲሞክር ነው። መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ትልልቆቹን ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። «የዘር ሐረጋችንን ንገሩኝ» ካላችኋቸው ስም ብቻ ይደረድሩላችኋል። ይልቅ ቤቱን ጠይቁ። ማን ማን ይኖርበት ነበር? በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ነበር? ማን አሳደጋችሁ? ማን ተጣልቶ ሄደ? በማን ስም ተሰየማችሁ? ድምፅ ቅዱ፤ ስልካችሁ ይበቃል። ፎቶ አውጡና ፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ እነሱ በሕይወት እያሉ ከጀርባው ጻፉበት። መዝገብ ቤቱ ከአሥር ዓመት በኋላም አለ፤ እነሱ ግን ላይኖሩ ይችላሉ።

ወደ መዝገቡ ስንመጣ፣ ብዙ አገር ሰበካዎች ከመንግሥት ቀድመዋል። እንግሊዝ ውስጥ የንጉሡ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ ሰበካ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንቱ ጉባኤ በ1563 ተመሳሳይ ደንብ አወጣች። ፈረንሳይ በ1792፣ እንግሊዝና ዌልስ በ1837 ምዝገባውን ወደ መንግሥት አመጡት። ከ1752 በፊት ያለ የእንግሊዝ መዝገብ ስታነቡ ተጠንቀቁ፤ አዲሱ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ቀን ስለነበር የካቲት ከታኅሣሥ በኋላ በዚያው ዓመት ይመጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ልጁ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ተወለደ ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

እያንዳንዱን ወረቀት ስትይዙ «ይህን የተናገረው ማነው? ያኔ እዚያ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሞት ምስክር ወረቀት ስለ ሞቱ ቀን ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ስለ ልደቱ ግን የሚናገረው ያዘነ ልጅ ነው፤ አባቱ ሲወለድ ደግሞ እሱ አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ የተሰቀለ የቤተሰብ ዛፍ ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። አንዱ የሳተውን መቶ ሰው ሲገለብጠው መቶ ምስክር ያለ ይመስላል። ዋናውን ገጽ በዓይናችሁ እዩ። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ አብዛኛው በ1921 በደረሰ ቃጠሎ ጠፍቷል፤ የአየርላንድ ቤተ መዛግብት ደግሞ በ1922 በጦርነት ወድሟል። ቢሆንም ግብር፣ መሬት፣ ፍርድ ቤት፣ ጦር ሠራዊት፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ፣ ሁሉም ይፈተሻል። አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ብቻ የኖረ እንዳይመስላችሁ።

ዲኤንኤስ? ይረዳል፤ ግን ብቻውን አይናገርም። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል፤ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በእናት በኩል ብቻ ይመጣል። ሌላው ከሁሉም አቅጣጫ ይቀላቀላል፤ የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ፤ ዝምድናው ሲርቅ ምንም የማይጋሩም አሉ። በ1998 የጥንቱ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የቶማስ ጄፈርሰን አጎት ተወላጆችና እሱ ባሪያ አድርጎ ይዟት የነበረችው የሳሊ ሄሚንግስ የልጅዋ ተወላጅ ተመረመሩ፤ ዋይ ክሮሞዞማቸው ገጠመ። ምርመራው ግን ያለው «ከጄፈርሰን ወገን የሆነ ወንድ» ብቻ ነው። ወደ ቶማስ ራሱ ያደረሰው፣ ልጆቿ በተፀነሱባቸው ጊዜያት እሱ ቤቱ እንደነበር የሚያሳዩት ሰነዶች ናቸው። የሄሚንግስ ልጆች ልጆች ይህን ታሪክ ከምርመራው በፊት በአፍ ሲነግሩ ኖረዋል፤ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነበር።

ለመመርመር ከወሰናችሁ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ያላሰባችሁት ሊወጣ ይችላል። አባት የተባለው አባት ላይሆን ይችላል፤ ያልታወቀ ወንድም ሊመጣ ይችላል፤ በጉዲፈቻ መሰጠት ተደብቆ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ያ ዜና የሚነካው እናንተን ብቻ አይደለም፤ ቀስ ብላችሁ፣ መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው ለብቻው ንገሩት። ሁለተኛ፣ ዲኤንኤያችሁን ስትሰጡ የዘመዶቻችሁንም አብራችሁ ትሰጣላችሁ። በ2023 ከአንድ ትልቅ የምርመራ ድርጅት የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጥቷል። ስለዚህ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና የልደት ቀን ማንም በሚያየው ዛፍ ላይ አትስቀሉ።

ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ደግሞ ከየት እንዳገኛችሁት ጻፉ፤ የመዝገቡን ስም፣ ገጹን፣ ያያችሁበትን ቀን። ግልባጩን ቢያንስ ለአንድ ወጣት ዘመድ ስጡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እንስማ፤ ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ኑ፣ አብረን እናያለን።