ተረቴን መልሱ

እሺ፣ እየቀዳ ነው።

ሰላም ናችሁ? እንዴት ከረማችሁ? ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። የኔትወርኩን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ ስለሱ አላወራም። ዶሮው ደህና ነው። ፋሲካንም አልፏል። መሀል ላይ ከጮኸ ያው እሱ ነው።

ዛሬ ጋሼ በገዛ እጃቸው ስለሠሩት መደርደሪያ ላወራችሁ ነበር። ብዙ ወሬ አለው። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር አልወርድ ብሎኛል፣ እሱን ሳልናገር ስለ መደርደሪያ ማውራት አልቻልኩም። ሁለቴ ቀድቼ ሁለቴ አጠፋሁት።

ልጅቷ ዳቦ ይዛ መጣች። ነገሩ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ነበር፣ በመማሪያ ማዕከላችን የልጆቹ የተረት ቀን። ልደታ ገና ማለፏ ነው። ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፣ ጀሪካኑ አለ፣ ሳሙናው አለ፣ እጅ ታጥቦ ነው የሚገባው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጃቸውን አያለሁ። መዳፍ፣ ገልበጥ፣ ግባ። መዳፍ፣ ገልበጥ፣ ግቢ። እሷ ጋ ስደርስ ቀኝ እጇን አልዘረጋችም። ነጠላዋን ይዛለች። ጫፉን ቋጥራዋለች። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታችና ዳቦ አወጣች። ድፎ ነው፣ ቁራሽ። ከሥሩ የኮባው መስመር ታትሞበታል፣ አሁንም እዚህ ዓይኔ ላይ አለ። በእግር ጣቷ ተንጠራራችና ዳቦውን ወደ አፌ ሰደደችው።

እኔ ምን አደረግኩ? እጇን ያዝኩት። እዚህ ጋ፣ አንጓዋ ላይ። «ዳቦ ወደ ውስጥ አይገባም፣ አታውቂም እንዴ?» አልኳት። በሩ ላይ ወደለጠፍኩት ወረቀት ጠቆምኳት። በቀይ ማርከር «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ሳቁ። እሷ «ኸቤት ነው ያመጣሁት» አለች፣ ቀስ ብላ። ችግሩ ዳቦው ከየት መጣ የሚለው የመሰላት ይመስለኛል። ከዚያ ዳቦውን መልሳ ቋጠረችው። ቋጠሮው አልጠብቅ ሲላት በጥርሷ ሳበችው። ገባች፣ ከኋላ ተቀመጠች፣ ተረቱ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች።

በቃ። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

እስካሁን ያልገባችሁ ካለ እኔም ያኔ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ማታ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ተረቱን ስጨርስ ምን ብያለሁ? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ሁላችንም እንላለን። እናቴም ትል ነበር፣ አያቴም ትል ነበር። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እንደሚባለው ነው፣ ማንም ላም አይፈልግም። እኔ ስንት ዓመት ብያለሁ፣ አንድም ቀን ዳቦ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷ ግን ሰምታዋለች። አደራ ብዬ የነገርኳት መስሏት ሳምንቱን ሙሉ ይዛዋለች። የልደታ ዕለት ከደረሳት ዳቦ ቆርሳ አስቀምጣ፣ ይዛልኝ መጣች። ቢላዋውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ወጡ አልተሠራም በዚያ ቀን።

አሁን፣ ስለ ደንቡ ልናገር፣ ዝም ብዬ ደንብ አላወጣሁም። አምና አይጥ የበላችብንን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ክረምቱን ዘግተን ስንከፍት የታችኛው መደርደሪያ በሙሉ ዱቄት ሆኖ ነው የጠበቀን። ደግሞ የበላችው እነዚያን ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ቢሆን ኖሮ እሺ። በርዳታ የመጡትን፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ልጅ ያለባቸውን፣ ልጆቹ «ይሄ ነጩ ጨው ነው?» የሚሉኝን። እነሱን አልነካችም። የአማርኛዎቹን ነው የበላችው። ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ ስንት አለን? ቀጭን፣ በስቴፕለር የተያያዘ፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ሽፋኑ የሚለቅ። አንዱን መጽሐፍ ሃያ ልጅ በሚጠብቅበት ቤት አንድ ገጽ ላይ ቅቤ ቢነካ ያናድዳል። ስለዚህ ደንቡ ልክ ነው። ልክ ነው እያልኩ ነው ሦስት ሳምንት ያደርኩት።

ግን ወረቀቱን ጠቆምኳት እኮ። ማንበብ አትችልም። በዕድሜዋ አራተኛ ክፍል መሆን ነበረባት። ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ስንት ጊዜው። ከእኛ ጋር ፊደሉን እንደገና ጀምራ ገና «ነ» ላይ ነበረች። 33ቱን በሰባት በሰባት ስትቆጥሩት 231 ነው፣ እሷ ገና ከመሀሉም አልደረሰችም። እና እኔ ለማታነብ ልጅ ጽሑፍ ጠቆምኩላት። በልጆቹ ፊት።

ልጅቷን እኮ እዚህ ደብረ ማርቆስ አይደለም መጀመሪያ ያገኘኋት። ገጠር የምንወጣበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ አይደል፣ በወር ሁለቴ፣ መጽሐፉን በማዳበሪያ ሞልተን በባጃጅ፣ ባጃጁ አልሄድ ሲል በትከሻ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል። ዋርካው ሥር ሸራ ዘርግተን እንቀመጣለን። ልጆቹ በግ እየጠበቁ ስለሆነ ተራ ያወጣሉ፣ ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ በጎቹን ይመልሳል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ተረቱ መሀል ላይ የሚመጣ ልጅ ሁሌም «እስካሁን ምን ሆነ?» ይላል፣ የተቀመጠው ይነግረዋል። አንዳንዴ እኔ ከነገርኩት ያማረ አድርጎ። ያ ነበር ደስ የሚለኝ፣ እውነቴን ነው።

አሁን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ ተንጠልጥሏል። ይሄን እዚሁ ልተወው።

እና ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ከተማ ስትመጣ፣ የመጀመሪያ ቀን፣ በሩ ላይ ቆማ ምን አለችኝ? «እታለም፣ ዋርካው ሥር የመጣሽው አንቺ ነሽ?» ነኝ አልኳት። «በጋችን ጠፍታ መጨረሻውን አልሰማሁትም» አለች። በዚያ ሁሉ መሀል፣ ቤት ተለቆ ተመጥቶ፣ የምትፈልገው የዚያን ተረት መጨረሻ ነው። ነገርኳት። ቁጭ አድርጌ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ይሄን የማወራው ለራሴ መጽናኛ ፍለጋ ይሁን አላውቅም።

ቆይ ግን፣ ዋናውን አልነገርኳችሁም።

በማግስቱ እሑድ ያ ጥርሱ የወለቀው ትንሹ ልጅ፣ ታውቁታላችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አገኘኝና «እታለም፣ ተረት ይዛ ነበር እኮ» አለኝ። የምን ተረት? «ተረቴን መልሱ ብለሽ የለ? መልስ ይዛ ነበር። መንገድ ላይ ስትነግረን ነበር የመጣነው።» ስለምን ነው አልኩት። «ስለ ጅብ ነው። ጅቢት ሌሊት ሰው ቤት ትመጣና በሩን ታንኳኳለች፣ ቤት ውስጥ ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ እናቷ ወፍጮ ቤት ሄዳለች፣ ከዚያ ልጅቷ በቀዳዳ ታያትና…» እሺ ከዚያስ? «ከዚያማ አልነገረችንም። መጨረሻውን ለእታለም ነው የምነግራት ብላ።»

አያችሁ? ዳቦ ብቻ አይደለም። ሁለቱንም ነው ይዛ የመጣችው። «መልሱ» ብያለሁ፣ መልስ አመጣች። «አብሱ» ብያለሁ፣ ዳቦ አመጣች። እኔ እጇን ያዝኩ። ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልመጣችም።

ከዚያ ወዲህ አእምሮዬ ብዙ ቦታ ይሄዳል። ስለ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳስብ ነበር። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ ሲያጣ ነገሩ እንቅልፍ ነሣው፣ ተመልሶ መጥቶ በ1995 አዲስ አበባ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ኋላ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት የመጽሐፍ ጋሪ አስጀመረ። እኛም ማዳበሪያውን ስንሸከም እሱን ነበር የምናስበው፣ አህያ ብናገኝ እያልን። ሁሌም የምናወራው ስለማድረስ ነው። መጽሐፍ እንዴት እናድርስ፣ ስንት ልጅ ደረስን፣ ሪፖርቱም የሚጠይቀው እሱን ነው። ምን ተቀበልን የሚል ሣጥን ሪፖርቱ ላይ የለም።

አባባ ተስፋዬስ? በ2009 ያረፉት። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነገሩ። እኔ በልጅነቴ ጎረቤት ቤት መስኮት ጋ ቆሜ ነበር የማያቸው፣ የእኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ዝናብ ሲመጣ ግቡ ይሉናል፣ ሳይዘንብ ግን ደጅ ነው። እንዲያውም ዝናብ እንዲመጣ እጸልይ ነበር። ምን ልል ነበር? አዎ፣ ለቴሌቪዥኑ ተረት እመልስ ነበር። መስኮቱ ጋ ቆሜ እሳቸው ሲጨርሱ የራሴን እነግራቸው ነበር። ይሄን ረስቼው ነበር እኮ። አሁን ሳወራ ነው የመጣልኝ።

ደግሞ ይሄ አገር ጎጃም ነው። እዚህ ተማሪ ሰምቶ ብቻ አይሄድም። ያ አኮፋዳውን ትከሻው ላይ አድርጎ አልፎ አልፎ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ አለ አይደል፣ ቅኔ ቤት ነው ያለው። አንድ ቀን ውሏችሁ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ቀን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፣ ለብቻው፣ ተሸፋፍኖ። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ የራሱን ይነግራል። ነገራ ይሉታል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ፣ ግን የራሱ ነው። ትናንት የሰማውን ቢደግም አይሆንም። መምህሩ ቁጭ ብለው የእያንዳንዱን ይሰማሉ፣ ያርማሉ። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ጎንጅም ስማቸው የወጣው እንዲህ ተቀምጠው በሚሰሙ መምህራን ነው። እኔ ደግሞ ከዚሁ አፈር ወጥቼ፣ ቤቱን የመማሪያ ማዕከል ብዬ፣ ልጅ ተረት ይዛ ስትመጣ እጅ እመረምራለሁ።

አጋነንኩት መሰለኝ። እንጃ። አንዷ ጓደኛዬ አጋነንሽው ብላኛለች። ልጅ ይረሳል፣ አክስቷ ሥራ አዝዛት ይሆናል የቀረችው አለች። ሊሆን ይችላል። እኔም ልጅ ይረሳል ማለት እወድ ነበር፣ ግን አሁን የነገርኳችሁን የመስኮቱን ነገር አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል አልረሳሁትም።

አክስቷ ጋ ሄጃለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ። ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤቷ «መንገድ ተከፍቷል ሲባል አገራቸውን ሊያዩ ወጡ፣ ይመለሳሉ» አለችኝ። መቼ? «እንግዲህ መንገዱ ነው።» የሚዘራበት ጊዜም እየደረሰ ነው፣ መሬታቸውን ሊያዩ ይሆናል። ዳቦ ገዝቼ ይዤ ነበር። ለጎረቤቷ ልጆች ሰጠሁት።

ወረቀቱን አነሣሁት። ከዚያ ደግሞ አይጧን አሰብኩና መልሼ ለጠፍኩት። አሁን ጋሼ በሩ ውጪ ሰፋ ያለ ድንጋይ አስቀመጡልን፣ ምግብ የያዘ እዚያ ላይ ያስቀምጣል፣ እየበላም ይገባል ቢፈልግ፣ ማለቴ በልቶ ይገባል። ጋሼ ምንም አልጠየቁኝም። ልጆቹ ድንጋዩን «የዳቦ ወንበር» ብለውታል። እስካሁን ባዶ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ተረት ነገርኩ። ስጨርስ ያቺን ነገር ማለት አቃተኝ። ዝም አልኩ። ልጆቹ ተያዩ፣ ያልጨረስኩ መሰላቸው። ከዚያ ያ ትንሹ፣ ጥርሰ ወላቃው፣ «ተረቴን መልሱ» አለ። ሌሎቹ አብረው «አፌን በዳቦ አብሱ!» አሉ። ቤቱ ሞላ። እና እኔ፣ እሺ፣ ማን ይመልሳል? ብዬ ጠየቅኩ። እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዝም። አንገታቸውን ደፉ፣ እግራቸውን አዩ። ቆየሁ፣ ብዙ ቆየሁ። ትንሹ ልጅ ብቻ እጁን አወጣና «እኔ የእሷን ልንገራችሁ?» አለ።

ተነሥቶ ቆመ። ጅቢት ሌሊት መጣች፣ በሩን አንኳኳች፣ እናትየው ወፍጮ ቤት ናት፣ ልጅቷ በቀዳዳ አየቻት አለ። ከዚያ ቆመ። ልጆቹ «ከዚያስ?» አሉ። እኔን አየኝ።

እኔም አላውቀውም። ስንት ዓይነት መጨረሻ ሞከርኩለት፣ ሌሊት ሌሊት፣ በሩን ትከፍትላታለች፣ አትከፍትላትም፣ በቀዳዳው ዳቦ ታሾልክላታለች… አንዱም እሷ የምትለው አይመስለኝም።

ይኸው፣ ዶሮው ጀመረ። ሰዓቱ አይደለም ደግሞ።

ዝናቡ ሳይበረታ መንገዱ ከተከፈተ ማዳበሪያውን አውርደን እንውጣ እያልን ነው። ዋርካው ሥር። እዚያ ካለች… እንጃ። ቅዳሜ ድረስ እንይ።